ከምክር ወደ ቃል ኪዳን፦ በፕሮግራም ጽሑፍ ላይ የሚሰፍሩ ምልክቶች አጭር ታሪክ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት ዐይነት አንባቢዎች አሉት። አንደኛው ጽሑፉን የሚመረምረው፣ የሚያርመውና የሚያሻሽለው ባለሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው፣ ኮምፓይለር በመባል የሚታወቀው ተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ለሁለቱ የሚጻፈው ነገር ከመጀመሪያው የተለያየ ነበር። ትእዛዙ ለኮምፓይለሩ፣ ከትእዛዙ ጎን የሚሰፍረው ማስታወሻ ደግሞ ለሰው ብቻ ይጻፋል። ማስታወሻው ቢረዝም ወይም ቢያጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት ቢሆን፣ ኮምፓይለሩ ሳያነበው ስለሚያልፍ በውጤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ነገር ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ዐይነት ጽሑፍ አለ። ይኸውም ራሱ የማስላት ትእዛዝ ያልሆነ፣ ስለ ትእዛዙ የሚናገር፣ ሆኖም ኮምፓይለሩ አንብቦ የሚሠራበት ጽሑፍ ነው። በየቋንቋው ፕራግማ፣ ዳይሬክቲቭ፣ አትሪቢዩት ወይም አኖቴሽን ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ሁሉም “ምልክት” በሚለው አንድ ቃል ተጠቅሰዋል። ቃሉ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። በዜማ መጻሕፍት ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፍረው ምልክት የንባቡን ቃል አይለውጥም፤ ቃሉ እንዴት እንደሚዜም ግን ያመለክታል። የፕሮግራም ምልክትም በመጀመሪያ የታሰበው ለዚሁ ነበር፤ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ ሳይሆን፣ እንዴት እንደሚሠራ ለማመልከት።

ምልክቱ ግን በዚህ ወሰን ጸንቶ አልቆየም። ከምክርነት ተነሥቶ ቃል ኪዳንም ትእዛዝም ለመሆን በቅቷል። በእያንዳንዱ እርምጃ የምልክቱ ጸሐፊ የሚሸከመው ኀላፊነት እየከበደ ሄዷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዞ መከታተልና ምልክት ሲሳሳት ምን እንደሚከተል መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት ምክር በነበረበት ዘመን

በ1957 ዓ.ም. አይ.ቢ.ኤም. 704 ለተባለው ኮምፒዩተሩ የፎርትራንን ኮምፓይለር አወጣ። ሥራውን የመራው ጆን ባከስ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች በማሽን የተተረጎመ ፕሮግራም በእጅ ከተጻፈው ጋር በፍጥነት ሊወዳደር አይችልም የሚል እምነት ስለነበራቸው፣ የባከስ ቡድን ዋነኛ ጭንቀት ፍጥነት ነበር። የ704 ኮምፒዩተር ሦስት ኢንዴክስ ሬጅስተሮች ብቻ ነበሩት። ኮምፓይለሩ የትኛው ቁጥር በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ መቆየት እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ ወደ ሜሞሪ መመለስ እንዳለበት መወሰን ነበረበት። ይህን በሚገባ ለመወሰን ከፕሮግራሙ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሲባል ፍሪክዌንሲ የተባለ ዐረፍተ ነገር በቋንቋው ውስጥ ገባ። ጸሐፊው በዚህ ዐረፍተ ነገር አማካይነት፣ ፕሮግራሙ ከአንድ መንታ መንገድ ሲደርስ በአንደኛው በኩል ስንት ጊዜ፣ በሌላው በኩል ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ግምቱን ይሰጣል። ሎይስ ሄይብት የሠራችው የኮምፓይለሩ ክፍል ይህን ግምት ተቀብሎ፣ በዕጣ ቁጥሮች እየተመራ የፕሮግራሙን ጉዞ በአምሳያ ይሞክርና እያንዳንዱ ክፍል ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይገምታል። ሼልደን ቤስት የሠራው ቀጣዩ ክፍል ደግሞ በዚሁ ግምት ተመርቶ ሬጅስተሮቹን ያከፋፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጸሐፊው በግምቱ ቢሳሳት ፕሮግራሙ ይዘገያል እንጂ የሚሰጠው መልስ አይለወጥም። የአንድ ድልድይ ስሌት ትክክለኛ መልስ የሚገኘው ፍሪክዌንሲው በትክክል ተጽፎ ሲሆንም፣ በተሳሳተ ግምት ተጽፎ ሲሆንም፣ ጭራሽ ሳይጻፍ ሲቀርም ነው። የምክር ባሕርይ ይህ ነው። መካሪው ቢሳሳት የሚጠፋው ጊዜ ነው እንጂ እውነት አይደለም። ይህ ምልክት ዕድሜው አጭር ሆነና በ1966 በወጣው የፎርትራን ደረጃ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ዕጣ የገጠመው ሌላው ምልክት በሲ ቋንቋ ውስጥ የሚገኘው ሬጅስተር የሚለው ቃል ነው። ከርኒገንና ሪቺ በ1978 ባሳተሙት የቋንቋው መጽሐፍ እንደተገለጸው፣ ይህ ቃል አንድ ተለዋዋጭ በብዛት ጥቅም ላይ እንደሚውል ለኮምፓይለሩ የሚያስታውቅ ሲሆን፣ ኮምፓይለሩ ቃሉን ችላ የማለት ሙሉ ነጻነት አለው። ከጊዜ በኋላ ኮምፓይለሮች ሬጅስተር በማከፋፈል ረገድ ከሰው የተሻሉ ሆኑ። መካሪው ከተመካሪው ያነሰ ዕውቀት ሲኖረው ምክሩ መቅረቱ አይቀርምና፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ በ2017 እትሙ የቃሉን አገልግሎት ሰርዞታል።

በማስታወሻ ውስጥ ያደረ ትእዛዝ

ምክር ከሚሰጡት ምልክቶች ጎን ለጎን ሌላ ልማድ እያደገ መጣ። የቋንቋውን ሕግ ሳይነኩ ለኮምፓይለሩ መልእክት ማስተላለፍ የፈለጉ ሰዎች መልእክቱን ኮምፓይለሩ አያነበውም በተባለው በማስታወሻው ውስጥ ማስገባት ጀመሩ።

በ1974 በታተመው የየንሰንና የቪርት የፓስካል መመሪያ ላይ ይህ አሠራር በግልጽ ይታያል። ማስታወሻው በዶላር ምልክት ከጀመረ ኮምፓይለሩ ያነበዋል። ከዶላሩ ቀጥሎ አንድ ፊደልና የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይጻፋል። ለምሳሌ ቲ የተባለችው ፊደል ከመደመር ምልክት ጋር ስትጻፍ ኮምፓይለሩ የድርድር ወሰን መጠበቁን የመሳሰሉትን ነገሮች በሥራ ጊዜ የሚፈትሽ ትእዛዝ ይጨምራል፤ ከመቀነስ ምልክት ጋር ስትጻፍ ግን ፍተሻውን ይተወዋል። ፕሮግራሙ ትክክለኛ ከሆነ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው። ስሕተት ካለበት ግን በመጀመሪያው ሁኔታ ፕሮግራሙ ስሕተቱን ተናግሮ ሲቆም፣ በሁለተኛው ሁኔታ የማይገባውን የሜሞሪ ስፍራ አንብቦ ወይም አበላሽቶ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። አንዲት የመቀነስ ምልክት ይህን ያህል ትወስናለች።

ይኸው ልማድ በሌሎች ቋንቋዎችም ታይቷል። በ1997 የወጣው የጃቫ 1.1 ኮምፓይለር ለሰነድ ዝግጅት በሚጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ዴፕሪኬትድ የሚል ቃል ሲያገኝ፣ ያ ክፍል ከእንግዲህ እንዳይሠራበት የሚመከር መሆኑን በተተረጎመው ፋይል ውስጥ ይመዘግብ ነበር። በዚያው ዓመት ለፎርትራን የወጣው ኦፕን ኤም.ፒ. የተባለው ደንብም ምልክቶቹን በማስታወሻ መልክ ነው ያስቀመጣቸው። ደንቡን የማያውቅ ኮምፓይለር ምልክቱን እንደ ተራ ማስታወሻ ስለሚያልፈው ፕሮግራሙ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ በተራ ይሠራል። ደንቡን የሚያውቀው ግን ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሰሮች ያከፋፍላል። ይህ ብልኀት ያለበት አሠራር ቢሆንም አደጋም አለው። አንድ ተለዋዋጭ ለየፕሮሰሰሩ የግል መሆን ሲገባው ጸሐፊው ይህን ሳያመለክት ቢቀር፣ ሁሉም በአንድ ስፍራ ላይ እየተሻሙ ይጽፋሉ። ፕሮግራሙ በተራ ሲሠራ ትክክል የነበረው መልስ በኅብረት ሲሠራ በየጊዜው ሊለያይ ይችላል። የተሳሳተው ስሌቱ አይደለም፤ ምልክቱ ነው።

ማስታወሻንና ምልክትን ለይቶ ለማስቀመጥ የተደረገው ጥረት ግን ከዚህ የቀደመ ነው። አልጎል 68 ፕራግማት የሚል ስም ሰጥቶ ለኮምፓይለር የሚጻፈውን ለሰው ከሚጻፈው ለየ። የ1983 የኤዳ ቋንቋም ፕራግማ የሚለውን ስም ይዞ፣ በቋንቋው ያልተደነገገውንና ኮምፓይለሩ የማያውቀውን ፕራግማ ዋጋ እንዳይኖረው ደነገገ። የሲ ቋንቋ ኮሚቴም ተመሳሳይ ምልክት ሲያስገባ፣ ኮምፓይለሩ ምልክቱን ሲያገኝ የሚያደርገውን ነገር ለየኮምፓይለሩ ሠሪ ተወለት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከወጡት የጂ.ሲ.ሲ. ኮምፓይለር የመጀመሪያ እትሞች አንዱ ይህን ፈቃድ ቃል በቃል ተርጉሞ፣ ፕራግማ ሲያገኝ ትርጉሙን አቋርጦ የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመክፈት ይሞክር ነበር። ቀልድ ቢሆንም ቁም ነገር ነበረበት። ትርጉሙ ያልተወሰነ ምልክት ለአንባቢው ማናቸውንም ነገር የማድረግ መብት ይሰጠዋል።

ምልክት ቃል ኪዳን ሲሆን

በምልክቶች ታሪክ ውስጥ ትልቁ ክርክር የተነሣው በ1987 መጨረሻና በ1988 መጀመሪያ ላይ ነው። የሲ ቋንቋን ደረጃ ያዘጋጅ የነበረው የአሜሪካ ኮሚቴ ኖኤሊያስ የተባለ አዲስ ምልክት በረቂቁ ውስጥ አስገባ።

የምልክቱ ምክንያት እንደሚከተለው ነበር። በሲ ቋንቋ ፖይንተር ማለት የሜሞሪ አድራሻ የያዘ ተለዋዋጭ ነው። አንድ ፋንክሽን ሁለት ፖይንተሮች ሲቀበል ሁለቱ በአንድ ስፍራ ላይ የሚያመለክቱ መሆን አለመሆናቸውን ኮምፓይለሩ አብዛኛውን ጊዜ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በአንዱ በኩል በተጻፈ ቁጥር በሌላው በኩል ያለውን ዋጋ እንደገና ከሜሞሪ ማንበብ ይኖርበታል፤ ይህም ፍጥነት ይቀንሳል። ኖኤሊያስ የሚለው ምልክት “በዚህ ፖይንተር የሚነካው ስፍራ በሌላ መንገድ አይነካም” የሚል መተማመኛ ለኮምፓይለሩ ይሰጣል።

የቋንቋው ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ በመጋቢት 1988 ለኮሚቴው በጻፈው ደብዳቤ ምልክቱን አጥብቆ ተቃወመ። የተቃውሞው ፍሬ ነገር፣ ምልክቱ ለኮምፓይለሩ የሚሰጠው ፈቃድ እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ ምንም ችግር የሌለባቸው የሚመስሉ ፕሮግራሞች ደንቡ በፈቀደው መንገድ ሊበላሹ ይችላሉ የሚል ነበር። ኮሚቴው ተቃውሞውን ተቀብሎ ምልክቱን አነሣው፤ የቋንቋው ደረጃም በ1989 ያለ እርሱ ጸደቀ።

ይህ ክርክር ከአንድ ቃል ያለፈ ትርጉም ነበረው። የፎርትራኑ ፍሪክዌንሲ ምክር ነበር፤ ስሕተቱ ጊዜ ያባክናል። ኖኤሊያስ ግን ቃል ኪዳን ነው። ኮምፓይለሩ ቃሉን አይመረምርም፤ ያምናል። ካመነ በኋላም በእምነቱ ላይ ተመሥርቶ ትእዛዞችን ያጥፋል፣ ቅደም ተከተላቸውን ይለውጣል። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሚበላሸው መልሱ ራሱ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የተሰጠን መተማመኛ ኮምፓይለሩ ከተረጎመው ፕሮግራም ውስጥ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

የፍጥነት ፍላጎቱ ግን ስላልጠፋ፣ የሲ ኮሚቴ በ1999 እትሙ ሬስትሪክት የተባለ ምልክት አጸደቀ። ትርጉሙ ከቀድሞው በጠበበና በጠራ ሁኔታ ተወስኗል፤ የቃል ኪዳንነት ባሕርዩ ግን አልተለወጠም። ያረጋገጠው ጸሐፊው ነው፤ የሚያምነው ኮምፓይለሩ ነው።

የማይመረመር ቃል ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ በ2014 ታይቷል። ሜምሙቭ የተባለው የሲ ፋንክሽን የተወሰነ መጠን ያለውን መረጃ ከአንድ የሜሞሪ ስፍራ ወደ ሌላው ይገለብጣል። በደንቡ መሠረት የሚሰጡት አድራሻዎች ባዶ መሆን የለባቸውም፤ የሚገለበጠው መጠን ዜሮ ቢሆንም እንኳ። በብዙ ሥርዐቶችም ይህ ደንብ በፋንክሽኑ መግለጫ ላይ “ባዶ አይደለም” በሚል ምልክት ሰፍሯል። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ዜሮ መጠን መገልበጥ ምንም አለመሥራት ነው ብለው በማሰብ ባዶ አድራሻ ይሰጡ ነበር። ከዚያም በሚቀጥለው መስመር አድራሻው ባዶ መሆን አለመሆኑን ፈትሸው ይጠቀሙበታል።

የጂ.ሲ.ሲ. 4.9 እትም በዚህ ላይ የሚከተለውን ምክንያት አቀረበ። አድራሻው ለሜምሙቭ ተሰጥቷል፤ ለሜምሙቭ የሚሰጥ አድራሻ ባዶ አይሆንም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍተሻ ከንቱ ነው። ፍተሻውንም ከፕሮግራሙ ሊያወጣው ይችላል። የኮምፓይለሩ አዘጋጆች በእትሙ መሸጋገሪያ መመሪያ ላይ ይህን በግልጽ አስጠንቅቀዋል። ጸሐፊው ለጥንቃቄ ብሎ የጻፈው መስመር፣ እርሱ ባልጻፈውና ምናልባትም አይቶት በማያውቀው ምልክት የተነሣ ሊጠፋ ቻለ። ከአሥር ዓመታት በኋላ፣ በ2024፣ የሲ ኮሚቴ መጠኑ ዜሮ ሲሆን ባዶ አድራሻ የሚፈቀድበትን ማሻሻያ ለሚቀጥለው እትም ተቀብሏል። የሰዎቹ ልማድ ለደንቡ ሊገዛ ስላልቻለ ደንቡ ወደ ልማዱ ቀረበ።

ምልክት ትእዛዝ ሲሆን

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ምልክት በቋንቋ ሰዋስው ውስጥ ሙሉ መብት አገኘ። በ2002 ከዶት ኔት ጋር የወጣው የሲ ሻርፕ ቋንቋ አትሪቢዩት፣ በ2004 የወጣው ጃቫ 5 ደግሞ አኖቴሽን የተባለውን ሥርዐት አስገቡ። ከእንግዲህ ምልክት በማስታወሻ ውስጥ መደበቅ አላስፈለገውም። ማንኛውም ጸሐፊም የራሱን ምልክት ሊፈጥር ቻለ።

በሲ ሻርፕ ውስጥ ኮንዲሽናል የተባለው ምልክት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። አንድ ፋንክሽን ይህ ምልክት ከሰፈረበትና ምልክቱ የጠቀሰው ስም በትርጉሙ ጊዜ ካልተሰየመ፣ ኮምፓይለሩ ያን ፋንክሽን የሚጠሩትን መስመሮች በሙሉ ይተዋቸዋል። የሚተወው ጥሪውን ብቻ ሳይሆን በቅንፉ ውስጥ ያለውን ስሌት ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ በቅንፉ ውስጥ ቆጣሪን የሚጨምር ትእዛዝ ቢያስገባ፣ ቆጣሪው በሙከራ ጊዜ ይጨምራል፤ ለተጠቃሚው በሚሰጠው እትም ግን አይጨምርም። ምልክቱ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ ከማመልከት አልፎ ምን እንደሚሠራ ወስኗል።

ጃቫ በበኩሉ ምልክት እስከ የት እንደሚጓዝ በሦስት ደረጃ ለየ። አንደኛው ዐይነት ኮምፓይለሩ ካነበበው በኋላ የሚጣል ነው። ሁለተኛው በተተረጎመው ፋይል ውስጥ ተመዝግቦ የሚቀር፣ በሥራ ጊዜ ግን የማይጠበቅ ነው። ሦስተኛው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ጭምር ሊጠየቅ የሚችል ነው። በ2006 በወጣው ጃቫ 6 ደግሞ ምልክቶችን የሚያነቡ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከኮምፓይለሩ ጋር አብረው እንዲሠሩ ተፈቀደ። አሠራሩ በዙር ነው። ኮምፓይለሩ ጽሑፉን ያነባል፤ ተጨማሪው ፕሮግራም ምልክቶቹን አይቶ አዲስ የፕሮግራም ጽሑፍ ይጽፋል፤ ኮምፓይለሩ አዲሱን ጽሑፍ መልሶ ያነባል፤ አዲስ ጽሑፍ መቅረቡ እስኪያቆም ድረስ ዙሩ ይቀጥላል። ደንቡ በሰው እጅ የተጻፈውን መለወጥ አይፈቅድም፤ አዲስ መጨመርን ብቻ ይፈቅዳል። ይህ ገደብ በአስተውሎት የተቀመጠ ነው፤ አንባቢው በዓይኑ ያየው ጽሑፍ ከተተረጎመው ጋር አንድ መሆኑን ይጠብቃልና።

የሚመረመር ምልክት

እስካሁን የታዩት ምልክቶች ኮምፓይለሩ የሚሰማቸው፣ የሚያምናቸው ወይም የሚታዘዛቸው ናቸው። ከእነዚህ የተለየው ዐይነት ኮምፓይለሩ የሚመረምረው ነው። የጃቫ 5 ኦቨርራይድ የተባለው ምልክት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አንድ ጸሐፊ ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን የሚያጣራ ፋንክሽን ሲጽፍ፣ የሚቀበለውን ነገር ዐይነት ከወረሰው ፋንክሽን ጋር ሳያመሳስል ቢቀር፣ ኮምፓይለሩ የድሮውን የሚተካ ሳይሆን አዲስ ፋንክሽን እንደተጻፈ ይቆጥረዋል። ስሕተት አለ አይልም፤ ፕሮግራሙ ግን በሥራ ጊዜ የድሮውን ይጠራል። ምልክቱ ከፋንክሽኑ በላይ ከሰፈረ ኮምፓይለሩ በእርግጥ የሚተካ መሆኑን ያጣራል፤ ካልሆነ ትርጉሙን ይከለክላል። እዚህ ላይ ሐሰተኛ ምልክት ከኮምፓይለሩ ደጅ አያልፍም።

የረስት ቋንቋ ይህን ሐሳብ ወደ ሪቺ አሮጌ ክርክር አምጥቶታል። በረስት ለመለወጥ የተሰጠ አድራሻ በዚያው ጊዜ በሌላ መንገድ እንዳይነካ ኮምፓይለሩ ራሱ ይመረምራል። ካረጋገጠ በኋላ ኤል.ኤል.ቪ.ኤም. ለተባለው የማሽን ቋንቋ አመንጪ ክፍል ኖኤሊያስ የሚል ምልክት ያስተላልፋል። በ1988 ሰው እንዲምልበት የታሰበው ቃል እዚህ በማረጋገጫ ላይ ቆሟል። ሆኖም ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በሲ ጽሑፎች ውስጥ ሬስትሪክት ከስንት አንዴ ስለሚጻፍ፣ ኤል.ኤል.ቪ.ኤም. ምልክቱን የሚያስተናግድበት ክፍል በብዛት አልተፈተነም ነበር። ረስት ምልክቱን በየፋንክሽኑ ማስፈር ሲጀምር ተደብቀው የኖሩ የትርጉም ስሕተቶች ብቅ አሉ። የረስት አዘጋጆች ምልክቱን ከአንድ ጊዜ በላይ ለማንሣትና ለመመለስ ተገደዱ፤ በ2021 በወጣው 1.54 እትም እንደገና ተመልሷል። ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ የሚቀበለው ወገን በሚገባ ሊጠቀምበት አልቻለም ነበር።

ለሙያው የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚጠቅም አንድ የአሠራር ጥያቄ ይወጣል። የፕሮግራም ጽሑፍ ሲመረመር ዓይን የሚያርፈው ዘወትር በስሌቱና በመንታ መንገዶቹ ላይ ነው። ምልክቶቹ እንደ ጌጥ ወይም እንደ ልማድ ታልፈው ይታያሉ። ነገር ግን አንድ ምልክት በተገኘበት ቦታ ሁሉ “ይህ ሐሰት ቢሆን ምን ይሆናል?” ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ “ፕሮግራሙ ይዘገያል” ከሆነ ምልክቱ ምክር ነው፤ በመለኪያ መፈተን ይበቃዋል። መልሱ “ኮምፓይለሩ ይከለክላል” ከሆነ ምልክቱ ጠባቂ ነውና በብዛት ቢሰፍር ይጠቅማል። መልሱ “የተለየ ፕሮግራም ይወጣል” ከሆነ ምልክቱ ትእዛዝ ነው፤ እንደ ማንኛውም ትእዛዝ በሁለቱም መልኩ መሞከር ይገባዋል። መልሱ “ምንም ሳይነገር ውጤቱ ይበላሻል” ከሆነ ግን ምልክቱ ቃል ኪዳን ነው።

ቃል ኪዳን የሆነው ምልክት በማን እንደተጻፈ፣ በምን ማስረጃ እንደተጻፈና ከጎኑ ያለው ፕሮግራም ሲለወጥ እውነትነቱን ማን እንደሚያጣራ መታወቅ አለበት። ምልክቱን የጻፈው መሐንዲስ ሥራ ለውጦ ሊሄድ ይችላል፤ ምልክቱ ግን በጽሑፉ ላይ ይቀራል፣ ኮምፓይለሩም በየቀኑ ያምነዋል። በሕንፃ ሥራ የማይታየውን ብረት ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ቆጥሮ የሚፈርም ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ለእንዲህ ዐይነቱ ምልክትም ከትርጉሙ በፊት ቆጥሮ የሚፈርምበት ሰው ሊኖረው ይገባል።